በልጄ እግር የተቀመጥነው አውጫጭኝ

እኔ ሰው ገድዬ፣ ሰርቄ ወይም ድንበር ገፍቼ ተከስሼ አላውቅም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ አደባባይ ቆሜያለሁ፤ እሱም የገዛ ልጅህን እግር አጣመምህ ተብዬ ነው። ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ ከይጁቤ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ቀበሌያችን ነው። ዛሬ ስናገረው ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ያን ለት ግን ከሳቁት መካከል አልነበርሁም።

በዚያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጬ ነበር። በሦስተኛው ዓመት መምህሬ ጠርተው፣ «ልጄ ታከለ፣ አንተን ሰሙም ወርቁም አልቀረቡህም፤ ሂድና ሞፈር ጨብጥ» ብለው አሰናበቱኝ። ከቅኔው የተረፈኝ ነገርን እያገላበጡ ማሰላሰል ብቻ ነው፤ እሱም ለአራሽ አይጠቅምም። አገሬ ገብቼ የግራዝማች አድማሱን ልጅ፣ የሺን አገባሁ። ግራዝማች ዘራቸውን ቆመው እስከ ሰባት ቤት፣ ከተቀመጡ ደግሞ እስከ አሥር ቤት የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሲሰጡኝ ፊታቸው እንደ ኮሶ ጠጪ ነበር።

የሺ በጥቅምት ምጥ ያዛት። እኔ ከወንዶቹ ጋር ውጭ ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ ቤት ጥያለሁ። በእኛ አገር ለሴት ልጅ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። አንድ ሰማሁ፤ ሁለት ሰማሁ፤ ሦስተኛው ቀረ። ትንሽ ቆይቶ አዋላጇ እማማ ደብሬ እጃቸውን እየጠረጉ ብቅ አሉ።

«ሴት ልጅ ናት። ደኅና ናት፤ ድምፅዋም ጥሩ ነው» አሉኝ።

«ሦስተኛው እልልታስ?»

«እግሯን አይተው ደነገጡ። ሁለቱም ወደ ውስጥ ዞረዋል፤ የእጆቿም አንጓ አልዘረጋ ብሏል። አንተ ግን አትደንግጥ፤ ዋናው መጥባቷ ነው፤ እየጠባች ነው።»

ገብቼ አየኋት። ፊቷ የየሺ ነው። ውስጥ እግሮቿ ግን እንደሚመካከሩ ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተያይተዋል። የሺ ልጂቱን በጋቢ ሸፈነችና፣ «በቃ አየሃት» አለችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አገሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ የሺ የአህያ ማሠሪያ ተሻግራ ነው አለ። ሌላው ጥላ ወድቆባት ነው አለ፤ የማን ጥላ እንደ ሆነ ግን አልተናገረም። በስምንተኛው ቀን ግራዝማች በበቅሎ መጡና ልጂቱን አይተው ወጡ። ደጅ ላይ ቆመው፣ «በእኛ ዘር ጠማማ የለም» አሉ።

አጎቴ ደምሴ አፉን መዝጋት አያውቅም። «ጠማማስ ሞልቷል፤ እግር ላይ ግን አልታየም» አላቸው።

በሽማግሌ ባይያዙ ኖሮ ሁለቱ እዚያው ይደባደቡ ነበር። ግራዝማች በቅሏቸው ላይ ወጥተው ፍርዳቸውን ተናገሩ። «ምክንያቱ ይውጣ። ከእናንተ ወገን ከሆነ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። አውጫጭኝ ይጠራልኝ።»

ላላየው ሰው ልንገር። አውጫጭኝ ማለት ሌባ ወይም ገዳይ ሲሰወር የአገሩ ወንድ ሁሉ መስክ ላይ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪገኝ ወደ ቤቱ የማይመለስበት ሥርዓት ነው። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡ ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል። «እኔ አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ሽማግሌዎቹም ወፏ ያለችውን ለሕዝብ ያሰማሉ።

የቀበሌያችን ሹም፣ ጭቃ ሹሙ አቶ እንየው፣ መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። «ግራዝማች፣ አውጫጭኝ ለጠፋ በሬ ነው እንጂ ለእግር ተቀምጦ አያውቅም» አሏቸው።

«አምና በጠፋው በሬ ስትቀመጡ እግር አልነበረውም?»

«ነበረው፤ ግን ከነበሬው ነው የጠፋው።»

ክርክሩ እንዲህ እያለ ቀጠለ፤ በመጨረሻ ግራዝማች ባለ ብዙ ርስት፣ ጭቃ ሹሙ ደግሞ መሬት የሚሹ የብዙ ልጆች አባት ናቸውና ግራዝማች ረቱ።

እኔ ለምን ዝም አልሁ? ምሥጢር ስለ ነበረኝ ነው። በሰኔ፣ የሺ በስድስተኛ ወሯ ሳለች፣ ጣሊያን ወንዶቹን እየለቀመ ነው ሲባል እህል በምናስቀምጥበት ጎታ ውስጥ ገብቼ ሦስት ቀን ተደብቄ ነበር። ጉልበቴ አገጬን ነክቶ፣ እጄ ብብቴ ሥር ገብቶ፣ ልክ ልጄ ተጣጥፋ እንደ ተወለደችው ነበር የተቀመጥሁት። አባት እንደ ታጠፈ ልጅ ታጠፈች ብዬ ደምድሜአለሁ። መደበቄን ኋላ ፈልጋ ያገኘችኝ የሺ ብቻ ታውቃለች፤ ይህን ሐሳቤን ግን ለማንም አልተናገርሁም።

በማግስቱ ጠዋት ስልሳ የምንሆን ወንዶች መስኩ ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ወፍ እንዲቀበሉ ከተመረጡት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ መሪጌታ ልሳኑ ናቸው። እሳቸው ቃል ሲሰሙ መጀመሪያ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ትርጉም ነው።

ሰው አንድ አንድ እያለ እየሄደ በጆሯቸው አንሾካሾከ። ከዚያ መሪጌታ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንዲት ወፍ እንዲህ ትላለች፦ በነሐሴ የጣሊያን አውሮፕላን ሲያልፍ የሺ ቀና ብላ አይታለች። ይህችን ወፍ ሰምቻታለሁ፤ ግን እኔም ቀና ብዬ አይቻለሁ። አንገቴ ታመመ እንጂ እግሬ አልዞረም። ሁለተኛዋ ወፍ፦ ታከለ በሚካኤል ዕለት አርሷል።»

«በሚካኤል የጠፋ በሬ ስፈልግ ነው የዋልሁት» አልሁ።

«ቢያርስም ኖሮ መጀመሪያ የሚዞረው የበሬው እግር ነው። ሦስተኛዋ ወፍ፦ የሺ እርጉዝ ሳለች ግብጦ አብዝታ በልታለች፤ የግብጦው መራራነት በደንብ አልወጣም ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ብድግ አለ። «ግብጦዬን አራት ቀን ሙሉ ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፌ ነው የምሸጠው» አለ። ማንም የሻጩን ስም አልጠራም ነበር፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው እንደ ተነሣው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ፀሐይዋ ከፍ እያለች ሄደች። ወፎቹ በዙ፤ ስለ በሬ፣ ስለ ጅብ፣ ስለ በር አቅጣጫ። ስለ ጎታ ግን አንዲትም ወፍ አልተናገረችም። የተደበቅሁበት ጎታ እንደ ድንጋይ ደረቴ ላይ ተቀምጧል። በመጨረሻ አልቻልሁም፤ ተነሥቼ ወደ መሪጌታ ሄድሁና ጎንበስ አልሁ።

«ወፍ ነገረችኝ» አልሁ። «አባትየው በሰኔ ጎታ ውስጥ ሦስት ቀን ታጥፎ ነበር አለች።»

መሪጌታ በጆሮዬ፣ «ልጄ፣ ጎታው የሚያስገባው አንድ ሰው ነው። ወፏ የት ተቀምጣ አየችህ?» አሉኝ።

ሥርዓት ሥርዓት ነውና ግን ለሕዝብ አሰሙት። ግራዝማች ዘንጋቸውን ተክለው ተነሡ።

«ይኸው ተገኘ። ሰውዬው በፍርሃት ታጠፈ፤ የልጅ ልጄም የአባቷን ፍርሃት ወርሳ ታጠፈች። ልጄን ዛሬውኑ እወስዳለሁ። ሕፃኗ ጡት እስክትጥል ከእናቷ ጋር ትቆይና ወደ አባቷ ትመለሳለች።»

ጭቃ ሹሙ ፍርድ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ከደብረ ማርቆስ በኩል አቧራ ተነሣ።

ወታደር ነው። ከፊት አስካሪ የሚባሉት የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ ከመሐል አንድ ጣሊያናዊ መኮንን በበቅሎ፣ ከኋላ ጭነት የያዙ በቅሎዎች። ስልሳ ወንድ መስክ ላይ ክብ ሠርቶ ሲያገኙ ምን እንደሚያስቡ ለአንባቢ አልነግርም። ደቂቃ ሳይሞላ በጠመንጃ ከበቡን። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ምክንያት ቤቱ የተቃጠለበት፣ ሰው የተረሸነበት አገር ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን። አጠገቤ ያለው ሰው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ዳዊት እየደገመ ነው።

መኮንኑ አብሮት በመጣ አስተርጓሚ በኩል፣ «ለምን ተሰበሰባችሁ?» አለ።

ጭቃ ሹሙ እጅ ነሥተው፣ «ጌታዬ፣ ስለ እግር ነው» አሉ።

አስተርጓሚው አሰበና አንድ ነገር ተናገረ። ምን ብሎ እንደ ተረጎመው ባላውቅም የመኮንኑ ፊት ተለወጠ።

«እግረኛው ስንት ነው? ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ሁለት እግር ነው ጌታዬ። ሁለቱም ትንንሾች ናቸው።»

«የት ነው የደበቃችኋቸው?»

«እናቷ ዘንድ ናቸው። በጋቢ ተጠቅልለዋል።»

መኮንኑ ሽጉጡን ሲነካ አየሁና ሳላስበው ብድግ አልሁ። «የኔ ልጅ እግር ነው። የተወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነው። እግሯ ዞሮ ተወልዳ ምክንያቱን ስንፈልግ ነው የመጣችሁብን።»

ሲተረጎምለት መኮንኑ አላመነም፤ ሂድና ልጂቱን አምጣ ተባልሁ። ሁለት አስካሪ አስከትዬ ሄድሁ። የሺ አራስ ናት፤ ገና ከቤት አልወጣችም። ነገሩን ስነግራት ልጂቱን አቅፋ ተነሣች።

«አንቺ ተኚ፣ እኔ እወስዳታለሁ» አልኋት።

«ለጣሊያን የምታሳያት አንተ ብቻህን? አንተን ጎታ ውስጥ ስፈልግህ ከርሜ ልጄንም ልፈልግ ነው?» አለችና ቀድማኝ ወጣች። እማማ ደብሬ ምርኩዛቸውን ይዘው ተከተሉን። ሴት ረግጣው በማታውቀው አውጫጭኝ ላይ ሁለት ሴቶችና አንዲት ሕፃን ገቡ።

መኮንኑ ጋቢውን በጓንቱ ጫፍ ገልጦ አየ። ከዚያ ወደ ኋላ ተጣራና አንድ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ሸሚዙ ጭድ የለበሰ ጣሊያናዊ መጣ። በአንድ እጁ የበቅሎ ልጓም ይዟል።

«ሐኪም ነው» አለ አስተርጓሚው። ሰውዬው ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚውም፣ «የበቅሎ ሐኪም ነኝ ይላል» ብሎ አስተካከለ።

ሰውዬው ልጓሙን አስቀምጦ እጁን ታጠበ። ልጂቱን የሺ ጭን ላይ እንዳለች ቀስ ብሎ ነካካት፤ ቁርጭምጭሚቷን፣ ጉልበቷን፣ የእጇን አንጓ። ልጄ በዚህ መካከል እጀታው ላይ ሽንቷን ለቀቀችው። ሳቀና ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ግን ከመተርጎም ይልቅ በአንድ በኩል የቆሙትን መሪጌታን፣ በሌላ በኩል የቆሙትን ግራዝማችን ያያል።

«ምን አለ?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

አስተርጓሚው መሬት መሬት እያየ፣ «ቤቷ ጠቦ ሊሆን ይችላል ይላል» አለ።

ጉምጉምታ ሆነ።

«ቤቱ ጠቦባት፣ ውኃውም አንሶ፣ እንደ ልቧ ሳትንቀሳቀስ ቀርታ ይሆናል። መገጣጠሚያ ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል፤ ጡንቻውም ይከሳል። አንዳንዴ ጅማቱ ራሱ ከመጀመሪያው ይታመማል። አንዳንዴ በዘር ይመጣል። በጥጃም በግልገልም አይቼዋለሁ፤ እረኞች መራራ ሣር ነው ይላሉ፣ እርግጡን ግን አላውቅም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይገኝም። የማንም ጥፋት አይደለም ይላል።»

ግራዝማች ከዚህ ሁሉ ነገር የሰሙት አንዱን ነው። «ቤቷ ጠቦ። እኔስ ምን ብዬ ነበር? አሥር ክንድ የማትሞላ ጎጆ ውስጥ ልጄን ከተታችኋት።»

ጭቃ ሹሙ ከጣሊያኑ ጠመንጃ ይልቅ የተንጠለጠለው ፍርድ አስጨንቋቸው ኖሮ ወዲያው ተናገሩ። «እንግዲህ ተገኘ። የታከለ ቤት ይሰፋል፤ አገሩ ተባብሮ ይሠራል። ውኃውንም ከምንጩ በቦይ እናቀርብለታለን። ግራዝማች፣ ይበቃዎታል?»

«ስፋቱ ስንት ክንድ ነው?» አሉ ግራዝማች። ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን ዘርግተው መስኩ ላይ መለካት ጀመሩ። መኮንኑ ምን እየተደረገ እንደ ሆነ አስተርጓሚውን ጠየቀ፤ እሱም ትከሻውን ነቀነቀ።

መሪጌታ ልሳኑ ግን ጢማቸውን ይዘው ቀርተዋል። «ቤት፣ ውኃ፣ የማትንቀሳቀስ ልጅ» አሉ ለራሳቸው። «ቤት ሰሙ ነው። ወርቁ ሌላ መሆን አለበት።» ከዚያ ወደ እማማ ደብሬ ዞሩ።

እማማ ደብሬ ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ትከሻቸው እስኪናወጥ ይስቃሉ። «ይህ ምስኪን አፍሮ ነው እንጂ ማኅፀኗን ማለቱ ነው» አሉ። «የምን ቦይ ነው የምትቀድዱት? ውኃውማ እኔ ነኝ ያየሁት፤ ሲፈስ አንድ ጭልፋ አይሞላም። ልጂቱም ከሰባተኛው ወር ወዲህ መራገጥ ቀንሳ ነበር። የሺ ያኔውኑ ነግራኛለች።»

አስተርጓሚው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። የሚለኩት ሰዎች ክንዳቸውን እንደ ዘረጉ ቆሙ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሲያውቁ ለምን ዝም አሉ?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«አውጫጭኝ የወንድ ነው አላችሁ። እናንተ ወፍ ስትጠይቁ እኔ እዚያ ልጂቱን እያሸሁ ነበር። ከተወለደች ጀምሮ ጠዋትና ማታ በቅቤ እያላላሁ፣ እግሯን ቀስ እያልሁ ወደ ቦታው እመልሳለሁ።»

የበቅሎ ሐኪሙ ይህ ሲተረጎምለት እንዲያሳዩት ለመነ። እማማ ደብሬ ተቀምጠው አሳዩት። ተረከዙን በአንድ እጅ ይዘው፣ የእግሯን ፊት በሌላው ወደ ውጭ እየመለሱ፣ ልጂቱ ልታለቅስ ስትል እያላሉ። ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ አየ። ከበቅሎው ጭነት ነጭ የእግር መጠቅለያ ጥቅል አወጣ፤ ካሹት በኋላ እግሩ ተመልሶ እንዳይዞር እንዴት በለስላሳው እንደሚጠቀለል አሳያቸው። ጣቶቿ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ቶሎ ፍቱት አለ። እሳቸውም አንድ ጊዜ አስተካከሉት፤ ጥብቅ አድርገኸዋል ብለው። እሱም እሺ ብሎ አላላው። ሁለቱ በአስተርጓሚ ሳይሆን በእጃቸው ሲነጋገሩ፣ እኛ ስልሳ ወንዶች ቆመን እናያለን።

መኮንኑ ሰለቸው። ሁለተኛ እንዳትሰበሰቡ ብሎ አስጠነቀቀንና ተነሣ። ሲሄዱ ሰባት በግ ነድተውብን ሄዱ፤ በጎቹ ስለ እግር የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ያ ጦር ከእኛ ወዲያ ባለ አገር ቤት እንዳቃጠለ በኋላ ሰማን። ያን የበቅሎ ሐኪም እጁን አመሰግናለሁ፤ የመጣበትን መንገድ ግን አላመሰግንም። ስሙንም አላውቅ።

ግራዝማች ከዚያ በኋላ ልጄን እወስዳለሁ አላሉም። ልጂቱን አነሡና፣ «ጣሊያን ላይ ሸናች፤ ደግ አደረገች፤ የኔ ዘር ናት» አሉ። ቤቴ ግን ሰፋ። ቤት የተባለው ማኅፀን እንደ ሆነ ሰው ሁሉ ሰምቶ ሳለ ጭቃ ሹሙ፣ «አውጫጭኝ የወሰነው አይፈርስም» ብለው አገሩን አሠማርተው ግድግዳዬን አፍርሰው ሠሩት። በቀበሌው ከቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ ሰፊው ቤት የኔ ሆነ። ለማሞቅ የሚበቃ እንጨት አጥተን ሁለት ክረምት በብርድ ተንቀጠቀጥን።

ልጃችንን ዓለሚቱ አልናት። እማማ ደብሬ ዓመት ሙሉ በየቀኑ መጡ፤ ሲደክሙ የሺ ተካቻቸው። የእጇ አንጓ ተዘረጋ። ቀኝ እግሯ ቀና፤ ግራው ትንሽ ወደ ውስጥ ማየቱን አልተወም። በሁለት ዓመት ተኩል ቆማ ሄደች። ዛሬ የራሷን ልጆች ስታባርር ብታዩ ግራ እግሯን ልብ አትሉም።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። በኋላ ዘመን የተማሩ ሰዎችን ጠይቄ ከዚያ ከበቅሎ ሐኪም ብዙ ያልራቀ ነው የነገሩኝ፤ ቦታ መጥበብ፣ የእንሽርት ውኃ ማነስ፣ የጡንቻና የነርቭ ችግር፣ ዘር፤ ብዙ ጊዜም እርግጡ አይታወቅም፣ ቶሎ ከታከመ ግን ብዙ ይስተካከላል ብለውኛል። እናንተ የሕክምና ቤት ዘመን ላይ ናችሁ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ቢወለድላችሁ ቶሎ ውሰዱት። እኔ ልጨምርላችሁ የምችለው ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ በአሥራ አንድ ዓመቱ ከየሺ ጋር ከይጁቤ ገበያ ስንመለስ፣ ጎረቤት እግሩ የዞረ ልጅ ተወልዷል የሚል ወሬ ሰማን። የሺ መንገድ ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትቆጣ» አለች። «ዓለሚቱን አርግዤ ሰባተኛው ወር ላይ ሳለሁ እዚሁ ገበያ አንድ ዘበኛ ጣሊያን አየሁ። እግሩ ወልጋዳ ነው፤ በመካከሉ በግ ያልፋል። ሳቅሁበት። በጣም ነው የሳቅሁበት። ወዲያው ልጂቱ መራገጥ ቀነሰች።»

እኔ ሳቄ መጣ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ይዘሽ?» አልኋት።

«አሥራ አንድ ዓመት።»

«ያን ለት መስኩ ላይ የማንም ጥፋት አይደለም ሲባል አልሰማሽም?»

«ለእናንተ ነበር የሚነግራችሁ» አለች። «ወደ እኔ ዞሮ ያለኝ ሰው የለም።»

ስልሳ ወንድ ቀኑን ሙሉ ምክንያት ስንፈልግ አንዳችን እናቲቱን አንቺ አይደለሽም አላልናትም። እኔም ባሏ አላልኋትም። ልጨምርላችሁ ያልሁት ይህንን ነው፤ ምክንያቱን ከመፈለጋችሁ በፊት ለእናቲቱ፣ ፊቷን እያያችሁ፣ ንገሯት።

እኔም እዚያው መንገድ ላይ ጆንያዬን አውርጄ ነገርኋት። «የሺ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ሳቅም እግር አያዞርም። የወልጋዳውም ሰውዬ ጥፋት አይደለም፤ እሱም እንዲሁ ነው የተወለደ።»

ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ሁለት ጊዜ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ፣ «ብታየው ግን» አለች።

«ምኑን?»

«አካሄዱን።»

የቀሚሷን ጫፍ ትንሽ ሰብሰብ አደረገችና፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ እያያት፣ እግሯን እንደ ቀንበር አጉብጣ፣ ደረቷን ነፍታ፣ በይጁቤ መንገድ መሐል እየተወዛወዘች ሄደች። መሪጌታ ልሳኑ ከኋላችን በአህያ ይመጡ ነበር፤ አህያቸውን አቁመው አዩዋት። እኔ በሳቅ መቆም አቅቶኝ ጆንያው ላይ ተቀመጥሁ።